ስልሳ ላይ የምትወላገደው ካሚዮንና የኔታ ወልደ ሩፋኤል

በዓለም ላይ ያለ መኪና ሁሉ፣ ትንሹም ትልቁም፣ ሁለት ሰው ሳይጭን አይንቀሳቀስም። አንደኛው የሚነዳው ነው፤ ሁለተኛው መንዳት ሳይችል የመኪናውን በሽታ የሚያውቀው ነው። ይህ ሁለተኛው ሰው ሾፌሩ አጠገብ ይቀመጣል፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል፣ ከዚያ "ይቺ ነገር ወደ ግራ አትስብም?" ይላል። አትስብም ካሉት ያዝንልዎታል። ትስባለች ካሉት ደግሞ አለቀልዎ፤ እስከሚወርድ ድረስ ስለ ጎማ ያስተምርዎታል።

አርባ ዓመት መሪ ጨብጬ ስለኖርሁ የዚህን ዓይነት ሰው በየመልኩ አይቻለሁ። መምህር አይቻለሁ፣ ዳኛ አይቻለሁ፣ መኪና ውስጥ ሲገባ የሚያስመልሰው የጥርስ ሐኪም ሳይቀር አይቻለሁ። ሁሉንም ሰብስበው ቢደምሯቸው ግን የአንድ ሰው ግማሽ አይሆኑም። እሳቸውም መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ናቸው። በአፌ "የኔታ" እላቸዋለሁ፤ በልቤ ደግሞ ማንንም ሳላማክር "ሊቀ ጎማ ወመልአከ ፍሬን" ብዬ ሾሜአቸው ነበር።

ዘመኑ 1931 ዓ.ም. ነው፤ ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ከገባ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ስሜ ፈንታ ነው፤ የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ነኝ። መንዳት የተማርሁት ከወረራው በፊት አዲስ አበባ ነው፤ አሁን መንገድ ለሚያሠራ አንድ ጣሊያናዊ፣ ሁላችንም "ካፖ" ለምንለው ሰውዬ፣ ካሚዮን እነዳለሁ። ለማን እንደምነዳ ጠፍቶኝ አልነበረም፤ ያፍርብኝ የነበረ ዘመድም ነበረኝ። እናቴን የማኖርበት ሌላ ሙያ ግን አልነበረኝም። ከማርቆስ አርባ ኩንታል ዱቄት እጭናለሁ፣ በዱቄቱ ላይ ሠላሳ የመንገድ ሠራተኛ ይወጣል፣ አምበርን አልፈን ከሉማሜ ወዲያ ያለው ካምፕ እናራግፋለን።

ከአምበር እንደወጡ ሜዳው ይጀምራል። መንገዱ አዲስ ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፣ ጠጠሩ ገና አልተነሣም። አርበኞች አንዳንድ ቀን ከጉብታው ላይ ስለሚተኩሱ የካፖው ትእዛዝ አንድ ነበር፤ ሜዳውን በስልሳ ኪሎ ሜትር ፍጥነት ማቋረጥ፣ ለማንም አለመቆም። ዛሬ ስልሳ የሽማግሌ ፍጥነት ነው። ያን ጊዜ በበቅሎ ጀርባ ላደግን ሰዎች ስልሳ ማለት መብረር ነው። ከላይ ያሉት ይዘፍናሉ፣ ነፋሱ በመስኮት ይገባል፣ ሞተሩ ያጓራል፣ መሪው እጄ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። እውነቱን ልናገርና እዚያ ሜዳ ላይ ለማን እንደምነዳ እረሳ ነበር፤ ልቤ በደስታ ጉሮሮዬ ድረስ ይወጣል።

የኔታ ማርቆስ ላይ አቋቋም ያስተምራሉ፤ በመቋሚያና በጸናጽል ካህናት እንዴት እንደሚወርቡ፣ መቼ ወደ ቀኝ መቼ ወደ ግራ እንደሚያዘነብሉ የሚያሳዩ የተመሰከረላቸው ሊቅ ናቸው። ቤታቸው ሉማሜ ስለሆነ ቅዳሜ ቅዳሜ ከእኔ ጋር ይሄዳሉ። ጋቢና የተፈቀደላቸው ለክብራቸው አይደለም። ካፖው "ነጭ ጥምጥም በመስኮቱ የሚታይበት መኪና ላይ ሽፍታ አይተኩስም" ብሎ ስላመነ ነው። እሳቸው ይህን ሲሰሙ ሳቁና "ባለማወቅ እንኳ ቢሆን አከበረን" አሉ።

ምርመራቸው ሥርዓት ነበረው። መቋሚያቸውን ጋቢናው ወለል ላይ ይተክላሉ፣ ጉንጫቸውን በራሱ ላይ ያስደግፋሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። የካሚዮኗ ንዝረት በእንጨቱ እየወጣ ጥርሳቸውን ሲያንቀጫቅጭ ከንፈራቸው ምት ይቆጥራል። ከዚያ አንድ ዓይናቸውን ከፈት አድርገው ይፈርዳሉ።

"የኋላ ግራዋ ጎማ ከምቱ ወጥታለች።"

"የኔታ፣ ጠዋት አይቻታለሁ፤ ደኅና ናት።"

"እኔ ገና ሞተሩ ሲነሣ አውቄዋለሁ። ዝም ብለህ ስማኝ።"

ወርጄ አያለሁ። የኋላ ግራዋ ጤነኛ ናት፤ የፊት ቀኟ ተንፍሳለች። ይህን ስነግራቸው ቅንጣት አይደነግጡም። "አየህ፣ ሕመሙ ሸሽቶ ወደዚያ ሄዷል" ይላሉ።

በሁለት ዓመት ውስጥ የኔታ ያላገኙት በሽታ የለም፤ ያገኙት በሽታ ደግሞ የለም። አምበር ላይ የዱቄቱን ጆንያ ሦስት ጊዜ አስወርደው ሦስት ጊዜ በሌላ አደራደር አስጭነውኛል። የካፖውን መካኒክ በአስተርጓሚው በፍሥሐ በኩል ለአንድ ሰዓት ያህል ስለተከራከሩት፣ ሰውዬው እንዲተዉት ብሎ ጎማውን ፈትቶ ጎማው የሚዞርበትን ኩሽኔታ አውጥቶ አሳያቸው። ኩሽኔታው አዲስ ነበር። የኔታ በጣታቸው ነካ አደረጉትና "አሁን ስለነካሁት ነው" አሉ። መካኒኩ ከዚያ ቀን ጀምሮ እሳቸው ሲመጡ ከካሚዮኗ ሥር ገብቶ ይደበቃል።

የተባረከው በሽታ የመጣው ግን በዚያው ዓመት ከመስቀል በኋላ ነው። በአርባ ስንሄድ ካሚዮኗ ሰላም ናት። በሃምሳም ምንም የለባት። ስልሳ ስንገባ ሜዳው ላይ፣ ሳይታሰብ፣ ወደ አንድ ጎን ትጋደላለች። መሪውን ሳቀናላት በቅጽበት ወደ ሌላው ጎን ትወረወራለች፤ ኋላዋ ይከተላል፤ መሪው ከእጄ ሊያመልጥ ይታገለኛል። አንዳንዴ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ነው፣ አንዳንዴ ወደ ግራ። ትንሽ ቆይታ ምንም እንዳልሆነች ቀጥ ብላ ትሄዳለች። እኔ ላብ በላብ ሆኜ እቀራለሁ።

የኔታ በደስታ ወጣትነታቸው ተመለሰ። እንዲህ ያለ በሽታ ዕድሜ ልካቸውን ሲጠብቁ የኖሩ ነው የሚመስለው። ጎማዎቹን ከፊት ወደ ኋላ አስለወጡኝ። "ጎማው ጠግቧል" ብለው ነፋስ አስቀነሱኝ። በሚቀጥለው ሳምንት "ተርቧል" ብለው አስነፉኝ። በመጨረሻ ከጮቄ ተራራ የሚወርደው ነፋስ በጎን እየመታን ነው አሉና፣ በስልሳ እየሄድን የጥምጥማቸውን ጫፍ በመስኮት አውጥተው አቅጣጫውን ሊለኩ ያዙ። ነፋሱ መኖሩ ተረጋገጠ። ስድስት ክንድ ጥምጥም ተፈትቶ ከኋላችን ሜዳው ላይ ቀረ። ትእዛዙን ጥሼ ቆምሁ፣ የጤፉን ማሳ አቋርጬ ሮጥሁ፣ ይዤ ተመለስሁ። ራሳቸውን ገልጠው በክብር ተቀምጠው ጠበቁኝና "ነፋሱ ከግራ ነው፤ ጻፈው" አሉኝ።

እስቅ ነበር። ሳቁ ያበቃው በኅዳር አንድ ቅዳሜ ነው። ካሚዮኗ ከአምበር ወዲያ ከወትሮው ብሳ ተወላገደችና ሁለት ጎማዋ ከመንገዱ ወጣ፤ ቦዩ ውስጥ ለመገልበጥ አንድ ክንድ ቀርቷት ነበር። ስድስት ጆንያ ዱቄት መንገድ ላይ ፈሰሰ። ከኋላችን በሌላ መኪና ይከተል የነበረው ካፖ ሁሉንም አየ።

ማክሰኞ ካፖው ራሱ ፈተናት። ባዶዋን በስልሳ፣ ቀጥሎም በሰባ አስነዳኝ፤ ቀጥ ብላ ሄደች። አርባ ኩንታል ዱቄት አስጭኖ በዚያው መንገድ አስነዳኝ፤ አሁንም ቀጥ። መካኒኩ መሪውን፣ ጭነቱን ከሥር የሚሸከመውን ባሌስትራ፣ ፍሬኑን አንድ በአንድ አየና "ጤነኛ ናት" ብሎ ፈረመ። ካፖው ግቢው መሐል ቆሞ ትክ ብሎ አየኝ፣ አንዲት ቃል ተናገረ፣ ወደ ቢሮው ገባ።

"ምን አለ?" አልሁት ፍሥሐን።

ፍሥሐ ዙሪያውን አየ። "ሳቦታጆ ነው ያለው። ሆን ብለህ ልትገለብጣት ነው፤ ከሽፍቶቹ ጋር ተነጋግረሃል እያለ ነው። ፈንታ፣ ነገሩ ከመኪናዋ ወርዶ አንተ ላይ ወጥቷል።"

በዚያው ሳምንት በዚሁ ክስ ሁለት ሰዎች ማርቆስ ገበያ ላይ ተሰቅለው አይቻለሁ። አንደኛውን በመልክ አውቀው ነበር። ካፖው የመጨረሻ ዕድል ሰጠኝ። ቅዳሜ እንደ ወትሮው ዱቄቱንም ሰዉንም ጭኜ እሄዳለሁ፤ እሱ ሽጉጡን ይዞ አጠገቤ ይቀመጣል፤ ከተወላገደች ወደ ማርቆስ የምመለሰው ታስሬ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት የኔታ መቋሚያቸውን ይዘው መጡ። ጋቢናው በካፖውና በፍሥሐ ሞልቷል። እጃቸውን ሳምሁና "የኔታ፣ ዛሬ ይቅሩ። ቦታ የለም፤ ነገሩም ደኅና አይደለም" አልኋቸው።

"ላይ እወጣለሁ።"

"በዚህ ዕድሜዎ ጆንያ ላይ?"

"እኔ ከሌለሁ ማን ያዳምጣታል?" አሉና ሠራተኞቹ እየጎተቱ እየገፉ ከጆንያው ጫፍ አወጧቸው። ላይ ሲቀመጡ ያ የመጀመሪያቸው ነው።

እስከ አምበር በሰላም ሄድን። ሜዳው ላይ ስወጣ ነዳጁን ረገጥሁ። አርባ፣ ሃምሳ፣ ስልሳ። በስተቀኝ የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ጽዶች ታዩ፣ ቀረቡ፣ እኩያችን ሆኑ። ያን ጊዜ ካሚዮኗ ወደ ቀኝ ተጋደለች። መለስኋት፤ ወደ ግራ ተወረወረች፤ ኋላዋ ጠረገ፤ ጠጠሩ ከሥር ተፈናጠረ። እንዴት እንዳቀናኋት አላውቅም። ስትረጋ የሽጉጡ አፈሙዝ ጎኔ ላይ ነበር።

"እንዳትቆም ይልሃል" አለ ፍሥሐ። "አንዴ ብትደግማት እዚሁ ነው ይላል።"

ከዚያ እስከሚቀጥለው ቤተ ክርስቲያን አምስት ኪሎ ሜትር ነው። በስልሳ ፍጥነት ሲነዱት አምስት ደቂቃ ማለት ነው። በነዚያ አምስት ደቂቃዎች ላይ የሆነውን በኋላ የነገረችኝ የካምፑ ምግብ አብሳይ ታየች ናት፤ ከየኔታ ጎን ተቀምጣ ነበር።

ጊዮርጊስ ጋ ስንደርስ የኔታም ከሰዉ ጋር እኩል ብድግ ብለው፣ ወደ ቀኝ አዘንብለው ተሳልመዋል። ሲያዘነብሉ የጆንያው ክምር አብሯቸው ሲያዘነብል አዩ። ሲቀመጡ ሲመለስ አዩ። መንገዱ ከሥራቸው ሲሸሽ አዩ። ሁለት ዓመት ጋቢና ውስጥ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳመጡትን ነገር አንድ ጊዜ በዓይናቸው አዩት። ታየች እንደምትለው ፊታቸው አመድ ሆነ። ከዚያ መቋሚያቸውን ይዘው በጉልበታቸው ቆሙ።

"ስሙኝ። የሚመጣው በግራ ሚካኤል ነው። አንድ ሰው እንዳይነሣ።"

ሙላት የሚባል ሽማግሌ ሠራተኛ ጆሮውን ማመን አቃተው። "ሚካኤልን ቁጭ ብለን እንለፍ? የኔታ፣ ይኸ የፈረንጁ ትእዛዝ ነው?"

"የእኔ ትእዛዝ ነው።"

"ኧረ እኔስ እፈራለሁ።"

"ፍራ። ኃጢአቱን ግን ለንስሐ አባቴ የምናገረው እኔ ነኝ፤ የእናንተ አይደለም። ቁጭ በሉ፤ የልጁ ነፍስ በእናንተ ወገብ ላይ ናት።"

ጽዶቹ ሲታዩ ግማሹ ሰው ከልማዱ የተነሣ ሊነሣ ፈለገ። የኔታ መቋሚያቸውን በትከሻዎች ላይ አጋድመው ተጫኑ። ሴቶቹ ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ሙላት ተቀምጦ አለቀሰ።

እኔ ከታች ይህን አላውቅም። የማውቀው ሽጉጡን ነው፤ የማየው በግራ የሚመጣውን የሚካኤልን አጥር ነው። አንዳንድ ቅዳሜ እዚያ ሥፍራ ወደ ግራ ጥላኝ እንደነበር ትዝ አለኝ። "ሚካኤል" አልሁ በልቤ። አጥሩ መጣ። መሪውን አጥብቄ ጠበቅሁ። አጥሩ አለፈ። ካሚዮኗ እንደተወጠረ ገመድ ቀጥ ብላ ነጎደች። ሦስተኛዋ ማርያም ነበረች፤ እሷንም ቀጥ ብለን አለፍናት። ካፖው መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ መሪውን አየ። ያን ጊዜ የጋቢናው ጣራ በመቋሚያ ተደበደበ። ካፖው በእጁ ምልክት ሰጠኝና ቆምሁ።

የኔታን አወረዷቸው። ጥምጥማቸው ተንጋዷል፣ ዱቄት በዱቄት ሆነዋል። ቀጥ ብለው ካፖው ፊት ቆሙ።

"ፍሥሐ፣ ቃል ሳታጎድል ንገርልኝ። በበቅሎ የሚሄድ ሰው ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ ወርዶ ይሳለማል። ከዚህ ላይ መውረድ አይቻልም። ሰዎቹ በመስከረም ተጨንቀው ጠየቁኝ። እኔም 'ሁላችሁም ባንድ ጊዜ ብድግ ብላችሁ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዘንብሉ፤ ሳያመልጣችሁ ቶሎ' ብዬ ፈረድሁላቸው። ቀስ ስትል አንዱ ይነሣል አንዱ ይቀመጣልና አትናጋም። በስልሳ ግን ሠላሳውም ባንድ ትንፋሽ ነው የሚነሣ፣ ባንድ ትንፋሽ የሚቀመጥ። መኪናዋ ደኅና ናት። ልጁ ምንም አላጠፋም። ያጠፋሁ እኔ ነኝ፤ አላወቅሁም ነበር።"

ፍሥሐ ከመተርጎሙ በፊት ዞሮ አየኝ። እሱም እንደኔ "አላወቅሁም" የምትለውን ቃል ከየኔታ አፍ ሰምቶ አያውቅም። የፈራሁት ደግሞ ሌላ ነው፤ በዚያ ዓመት ካፖ ፊት ቆሞ "ያጠፋሁ እኔ ነኝ" ያለ ሰው፣ በተለይ ጥምጥም የጠመጠመ፣ ለእኔ የተዘጋጀው ገመድ ለእሱ ይሆን ነበር። የኔታ ይህን ከእኔ የበለጠ ያውቁ ነበር። አላፍርም፤ መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስሁ።

ካፖው አላመነም። የኔታ መቋሚያቸውን አነሱና ላይ ላሉት "ተነሡ፤ በስተቀኝ ማርያምን ተሳለሙ" አሉ። ሠላሳ ሰው ብድግ ብሎ አዘነበለ። ቆማ የነበረችው ካሚዮን ባሌስትራዋ እያቃሰተ ወደ ቀኝ አብራ ሰገደች። "ተቀመጡ" ሲሏቸው ወደ ግራ ተወዛውዛ ተመለሰች። ካፖው ጎንበስ ብሎ ጎማውን አየ። አስደገማቸው። በሦስተኛው ሽጉጡን ወደ አፎቱ መለሰና እየተሳደበ ሳቀ። በማርያም ደጅ በዚያች ቀን የተሰገደውን ያህል በንግሥ ቀንም የተሰገደ አይመስለኝም።

የካፖው አዲስ ትእዛዝ ሁለት ነበር። ከዛሬ ጀምሮ በየቤተ ክርስቲያኑ በሃያ ይታለፍ። እኚህ ሰውዬ ደግሞ ከጋቢና እንዳይወጡ፤ ላይ ከወጡ ሌላ ሕግ ያወጣሉ።

ስለዚህ የኔታ ቅዳሜ ቅዳሜ እንደ ድሮው አጠገቤ ተቀመጡ። መቋሚያቸውን ግን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት እንጂ ወለል ላይ አልተከሉትም። ካሚዮኗ ታጓራለች፣ ትንኳኳለች፤ እሳቸው በመስኮት ጤፍ ያያሉ። አንድ ሳምንት ደስ አለኝ። ሁለተኛው ሳምንት ረዘመብኝ። በሦስተኛው ዝምታቸው አላስነዳኝ አለ። የገዛ እውቀታቸውን ለእኔ አንገት ሰጥተው ባዶአቸውን የተቀመጡ መሰለኝ፤ ይህን መሸከም አልቻልሁም።

"የኔታ" አልኋቸው አምበር ስንደርስ፣ "አንድ ነገር ይሰማኛል፤ ከወዴት እንደሆነ ግን አልለየሁትም።"

"እኔ ምን አውቃለሁ፣ ልጄ።"

"እባክዎ።"

ብዙ አንገራገሩ። ከዚያ መቋሚያውን ቀስ ብለው ወለሉ ላይ ተከሉት፣ ጉንጫቸውን አስደገፉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። "የኋላ ቀኝ ባሌስትራ" አሉ በፍርሃት፤ "ላልቶ እንዳይሆን።"

ካሚዮኗን አቆምሁ፣ ቁልፍና መዶሻ ይዤ ከሥሯ ገባሁ። የኋላ ቀኝ ባሌስትራ አንድም ነገር አልነካውም። በጀርባዬ ተንጋልዬ ጥሩውን ብሎን ፈታሁት፣ መልሼ አሠርሁት፤ እንዲሰማቸው አድርጌ በመዶሻ ሦስት ጊዜ መታሁት። አቧራዬን እያራገፍሁ ወጥቼ ጋቢናው መስኮት ሥር ቆምሁ።

"የኔታ፣ እርስዎ ባያስተውሉት ኖሮ ሞቼ ነበር" አልኋቸው።